አከፋፋይ ያጣው ፊልም

ፊልም የሚያሠራ ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «ሕዝቡ ምን ይወዳል?» ብሎ ነው። በዚህ አይፈረድበትም፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ግን ይህን ጥያቄ ለነጋዴዎቹ ትተው፣ የፊልሞቻቸው ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ ገንዘብ ፈላጊም ራሳቸው ሆነው ኖረዋል።

የተወለዱት በ1938 ዓ.ም. በጎንደር ነው። አባታቸው አቶ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ፣ ተውኔትም ይደርሱ የነበሩ ሰው ናቸው። ልጅየው ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ ትወና፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለስ የፊልም ሥራ ተማሩ።

በ1966 ዓ.ም. አገር ሲናወጥ ወደዚህ መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ አነሡ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ንግግሩም አማርኛ ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ገበሬው ከሜዳው ጫፍ ብቅ ሲል ካሜራው እስኪደርስ ቆሞ ይጠብቀዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ተመልካችን በወንበሩ ላይ የሚያቁነጠንጥ ፊልም ነው። ነገር ግን ለባላባት የሚያርስ ሰው ቀኑ የሚመሸው እንደዚያ እየተጎተተ ነበርና፣ መቀስ ቢገባበት ኖሮ የምናየው የባላባቱን ሰዓት እንጂ የጭሰኛውን አይሆንም ነበር።

«ሳንኮፋ» በ1985 ዓ.ም. ወጣ። ባርነትን ከባሮቹ ወገን ቆሞ፣ አመፃቸውን ጭምር የሚያሳይ ነው። የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስድም አሉ። ፕሮፌሰሩና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ ይዘው ዞሩ፤ ጥቁር አሜሪካውያንም እየተጠራሩ አዳራሹን ሞሉት።

ከአያት እስከ ፒያሳ፣ ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ማታ የፊልም ድርሰት የሚጽፍ ወጣት አይጠፋም። እርሱ ሊሰማው የሚገባው የ«ጤዛ»ን ነገር ነው። ጀርመን አገር ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ የተመለሰው የአንበርብር ታሪክ፣ እንደ ሰው ትዝታ ወዲያና ወዲህ እየዘለለ የሚተረክ ነውና፣ ለባለገንዘብ በአንድ ቃል የሚነገር ዓይነት አይደለም። እስኪያልቅ ዓሥራ አራት ዓመት ፈጀ! በጳጉሜን 2000 ዓ.ም. በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ተሸለመ። እልል ብለናል። ይሁን እንጂ በመካከሉ «ዓድዋ»ን የመሰለ ዘጋቢ ፊልም ቢሠሩም፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ሳይሠሩ የቀሩትን የልብ ወለድ ፊልሞች ማንም ሸላሚ አይመልስልንም።

አከፋፋይ ያጣው «ሳንኮፋ» ታድሶ በመስከረም 2014 ዓ.ም. በኔትፍሊክስ ታየ። በዋሽንግተንም፣ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ባልና ሚስቱ በዚሁ ስም መጻሕፍት ቤት ከፍተዋል፤ ቡናም ይሸጥበታል።