ከአራዳ ተነሥቶ አውሮፓን በባቡር

ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከአዲስ አበባ ባቡር ተሳፍረው ወደ ጅቡቲ ወረዱ። አብረዋቸው የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ሌሎችም መኳንንት ነበሩ። ለአውሮፓ መሪዎች በስጦታ የሚበረከቱ አንበሶችም የጉዞው አካል ነበሩ። ሀዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ ያኔ ገና 7 ዓመቱ ነበር። ዛሬ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ ፊት ለፊት የሚታየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ እንኳ አልተሠራም ነበር፤ እሱ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ በዚያ ዘመን በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንድ ቀን አዋሽ፣ አንድ ቀን ድሬዳዋ እያደረ 784 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው በሦስተኛው ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ዛሬ ካርታ ዘርግቶ ለሚከተለው ሰው ጭምር ያስደንቃል። ትንሣኤን በኢየሩሳሌም አከበሩ። ከግብፅ ባሕሩን ተሻግረው በግንቦት ፈረንሳይ ገቡ። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ሉክሰምበርግ፣ ስቶክሆልም፣ ሮም፣ ለንደን፣ ጄኔቭና አቴንስ ታዩ። የአየር መንገድ ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን በአህጉሩ ውስጥ ከከተማ ከተማ የሚያደርሰው ባቡር ነበር። አዲስ አበባ የተመለሱት በነሐሴ ማብቂያ ነው፤ በጠቅላላው አራት ወር ተኩል ገደማ ፈጀባቸው።

ዛሬ ይህን የመሰለ ጉዞ የሚያልመው ልዑል ሳይሆን ደመወዝተኛ ነው። ለዓመታት ቆጥቦ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገኘውን የዓመት ፈቃድ ይዞ፣ ስምንትና አሥር ከተሞችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለማየት በስልኩ ላይ መስመር የሚያሰምር ወጣት በአራዳ ካፌዎች ውስጥ አይጠፋም። ምኞቱ የተከበረ ነው። ሊነገረው የሚገባው ግን እቅዱ የሚጀመረው ከካርታው ሳይሆን ከቪዛው መሆኑ ነው። አውሮፓዊው ተጓዥ የባቡር ሰዓት አይቶ ይወስናል። የኢትዮጵያን ፓስፖርት የያዘው ግን የከተሞቹን ቅደም ተከተል ሳይቀር የሚወስንለት ፓስፖርቱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው።

ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አልጋ ወራሹ ከተነሡ ልክ በመቶ ዓመት ከ13 ቀን በኋላ ማለት ነው፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የቪዛ ጥያቄ ላይ ገደብ ጣለ። ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ በኩል የኢትዮጵያ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነበር ምክንያቱ። በውሳኔው መሠረት መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀረ፣ ከሚጠየቀው ማስረጃ አንዳች መቀነስ አልተቻለም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ በአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ አለ፤ ይህኛው በዓለም ዙሪያ ያሉ አብዛኞቹን አመልካቾች የሚመለከት ነው። መንግሥታት ስለ ስደተኛ አመላለስ የሚከራከሩትን ክርክር ዋጋ፣ ሮምን አይታ ወደ ተማሪዎቿ ልትመለስ የተነሣች የአራዳ መምህርት ከፋይ መሆኗ ፍትሕ አይደለም። አፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ፣ ለእንግሊዝ፣ ለጣሊያንና ለሩሲያ መልእክተኞች ሰፋፊ ቦታ የሰጡባት ከተማ ነዋሪ ከዚህ የተሻለ መስተንግዶ ይገባዋል።

ገደቡ ቢላላ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ነው። እዚህ ላይ ነው የ1916ቱ መስመር እንዳለ የማይደገመው። ከፓሪስ ለንደን፣ ከለንደን ተመልሶ ጄኔቭ ማለት ዛሬ ከሸንገን ክልል ወጥቶ እንደገና መግባት ነው። እንግሊዝ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፤ ባቡሩ ከመነሣቱ በፊትም የሁለቱም አገር የድንበር ተቆጣጣሪዎች እዚያው ጣቢያው ውስጥ ፓስፖርት ያያሉ። አንድ ጊዜ በሚያስገባ ቪዛ ለንደንን መሀል ላይ ያስገባ ተጓዥ ጉዞው ለንደን ላይ ያበቃል። ስለዚህ ለንደን ወይ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ ትሁን። ስዊዘርላንድ በተቃራኒው የኅብረቱ አባል ሳትሆን ሸንገን ውስጥ ስላለች ጄኔቭን መሀል ማድረግ ችግር የለውም።

ሌላው ብዙዎችን የሚያሰናክለው የትኛው ኤምባሲ ይጠየቅ የሚለው ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፦ ብዙ ሌሊት የሚታደርበት አገር ኤምባሲ፤ ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚገባበት አገር። በየከተማው ሁለት ሁለት ሌሊት ያከፋፈለ ሰው ቀጠሮ ቶሎ ስላገኘ ብቻ በሌላ አገር በኩል ቢያመለክት ማመልከቻውን ገና ከጅምሩ ያዳክመዋል። ፓስፖርቱ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት፣ የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፣ የእያንዳንዱ ሌሊት ማደሪያ መታወቅ አለበት። ቪዛው ሳይወጣ ግን የማይመለስ ገንዘብ መክፈል አይገባም፤ ሊሰረዝ የሚችል ቦታ ይያዝ።

የመግቢያና የመውጫ ከተማን ለያይቶ መያዝ ከሁሉም የሚጠቅም ዘዴ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስቶክሆልምም፣ ብራስልስም፣ ፓሪስም፣ ለንደንም፣ ጄኔቭም፣ ሮምም፣ አቴንስም ይበራል። አልጋ ወራሹ ካዩአቸው ዋና ዋና ከተሞች ብዙዎቹ ዛሬ ከቦሌ በቀጥታ ወይም በአንድ ማረፊያ ይደረሳሉ ማለት ነው። በለንደን ገብቶ ከሮም የሚመለስ ሰው መጀመሪያ ወዳረፈበት ከተማ ለመመለስ አንድ ሙሉ ቀን በባቡር አያጠፋም።

ባቡሩ ራሱ ቀላሉ ክፍል ነው። ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር ሰው የሚሸጠው የዩሬይል ካርድ በ33 አገሮች ያገለግላል፤ አውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አቻው ኢንተርሬይል ይባላል። ካርዱን ይዞ ግን ሁሉም ባቡር ላይ ዝም ብሎ መውጣት አይቻልም። ለንደንን ከፓሪስ ለሚያገናኘው ዩሮስታር፣ ለፈረንሳዩ ቴጄቬና ለጣሊያን ፈጣን ባቡሮች ተጨማሪ ተከፍሎ ወንበር መያዝ ግዴታ ነው፤ በዩሮስታር ለካርድ ባለቤቶች የሚመደበው ወንበር ደግሞ ውሱን ስለሆነ በአውሮፓ በጋ ቀድሞ ያልያዘ ይቀራል። በቤልጂየምና በአብዛኛው የስዊዘርላንድ መስመር ያለ ቦታ ማስያዣ መሳፈር ይቻላል። በሉክሰምበርግ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገር ውስጥ ሁለተኛ ማዕረግ ባቡርና አውቶቡስ ለማንም ነፃ ነው። ሦስትና አራት ከተማ ብቻ የሚያይ ሰው ካርዱን ከመግዛቱ በፊት የነጠላ ትኬቶቹን ዋጋ ደምሮ ያወዳድር፤ ቀድሞ የተገዛ ነጠላ ትኬት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ርቀቱን በሰዓት ማሰብ ይረዳል። ከለንደን ፓሪስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ከፓሪስ ብራስልስ አንድ ሰዓት ተኩል የማይሞላ፣ ከፓሪስ ጄኔቭ ሦስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ፣ ከጄኔቭ ሚላኖ አራት ሰዓት ያህል፣ ከሚላኖ ሮም በፈጣኑ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልምና አቴንስ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ከብራስልስ ስቶክሆልም በኮሎኝ፣ በሃምቡርግና በኮፐንሃገን በኩል አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይበላል። አቴንስ ለመድረስ ከሮም ወደ ባሪ ወርዶ በመርከብ ወደ ፓትራስ መሻገር ይጠይቃል። ሁለት ሳምንት ብቻ ያለው ሰው ሁለቱን ያለ ጸጸት ይተዋቸው።

ሰዓት ከተነሣ አንድ ማሳሰቢያ። ትኬቱ ላይ 07:15 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ ነው፤ 19:15 ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ። ቀኑም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በነሱ በጋ ፓሪስና ሮም ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት፣ ለንደን በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። የአውሮፓ ባቡር ጣቢያው በር ላይ የደረሰን መንገደኛ እንኳ አይጠብቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የትኞቹን ከተሞች መምረጥ የሚለው ነው። የ1916ቱ መንገደኞች የሄዱት በአንድ ትልቅ ጥያቄ ነበር፦ ለኢትዮጵያ የባሕር በር ማግኘት። እሱን አላገኙም። ሆኖም በየደረሱበት ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ፋብሪካ ሲጎበኙ ሰነበቱ። ሰኔ 28 ቀን በፓሪስ የኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ አልጋ ወራሹ በክብር እንግድነት ተገኝተዋል፤ የኢትዮጵያ አትሌቶች ኦሊምፒክ የገቡት ከዚያ 32 ዓመት በኋላ በሜልቦርን ነው። በኢየሩሳሌም የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሰምተው ወደ አገር ቤት እንዲመጡ አደረጉ። አርባ ልጆች የተባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ ዮፍታሔ ንጉሤ ለጻፉት የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠሩ። ከጉዞው መልስ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1917 ዓ.ም.፣ ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ተከፈተ። ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው የጠየቀውን ባያገኝ እንኳ ባዶ እጁን አይመለስም።

የዛሬው ተጓዥም የራሱ ጥያቄ ይኑረው። ለኢትዮጵያዊ ደግሞ አውሮፓ ውስጥ የሚጠየቅ ሞልቷል። ለንደን ውስጥ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰደ የወርቅ ዘውድ አለ፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ አርፏል። በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ የሰበሰባቸው የግዕዝ ብራናዎች ይገኛሉ። ጄኔቭ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ያው አልጋ ወራሽ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሆነው በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት አቤቱታ ያሰሙባት ከተማ ናት። ሮም ላይ የአክሱም ሐውልት እስከ ተመለሰበት ዘመን ድረስ የቆመበት ቦታ፣ በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ አጠገብ፣ አሁንም ይታያል። እነዚህ አራቱ በአንድ መስመር ይገጥማሉ፦ ከለንደን ፓሪስ፣ ከፓሪስ ጄኔቭ፣ ከጄኔቭ ሮም። ለንደን መጀመሪያ ስለሆነች አንድ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛ ይበቃል፤ ከሮም በቀጥታ ወደ ቦሌ ይመለሳል። በየከተማው ሦስት አራት ሌሊት ቢታደር ሁለት ሳምንት ይሞላል። አሥር ከተማ የሮጠ ሰው የሚያየው አሥር ባቡር ጣቢያ ነው።

ማስታወሻ መያዝም አይረሳ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የ1916ቱን ጉዞ «ደስታና ክብር» በሚል መጽሐፍ ስላሳተሙት የመንገዱ አኳኋን ለእኛ ተርፏል። ዛሬ ስልክ ውስጥ የሚቀር ፎቶ እንጂ የተጻፈ የኢትዮጵያዊ የጉዞ መጽሐፍ ብርቅ ሆኗል።

ኤምባሲዎች የሸንገን ማመልከቻ ከመነሻው ቀን 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። ለመጪው ሐምሌ የሚያስብ የፒያሳ ሰው ከጥር ጀምሮ ወረቀቱን ያዘጋጅ፤ የእንግሊዙን ቪዛ ለብቻ ይጠይቅ፤ የባቡሩን ወንበር ቪዛው እጁ እንደገባ በዚያው ቀን ይያዝ። ኤምባሲዎቹም በአስጎብኚ ኩባንያ ሳይሆን በራሱ ጥረት አራት ከተማ መርጦ፣ ማደሪያውን ቆጥሮ፣ የመመለሻ ትኬቱን ይዞ የሚቀርበውን አመልካች በስሙና በማስረጃው ይመዝኑት።