የኖራ ፊርማ

ከእኛ ብዙዎቻችን በአውራ ጣት ፈርመን እናውቃለን። አሁን ስማችንን በእጃችን እንጽፋለን። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንዲት ሴት ፊርማ እናውጋ።

ሴትዮዋ ኖራ ትባላለች። የቲያትር ሰው ናት። ቲያትሩን የጻፈው የኖርዌዩ ሰው ሄንሪክ ኢብሰን ነው። ኖርዌይ በሰሜን አውሮፓ ያለች ብርዳም አገር ናት። ቲያትሩ የታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1879 ነው። ስሙም «የአሻንጉሊት ቤት» ይባላል።

ኖራ ባልና ሦስት ልጆች አሏት። ባሏ ሄልመር ቀደም ሲል በጠና ታሞ ነበር። ሐኪሞች «ሞቃት አገር ካልሄደ አይድንም» አሏት። ገንዘብ ግን የለም። በዚያን ጊዜ ባል ያላት ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም። ባሏ ደግሞ ብድር የሚባል ነገር አይወድም። ታዲያ ምን ታድርግ? ክሮግስታድ ከሚባል ሰው በምስጢር ተበደረች። አበዳሪው «አባትሽ ዋስ ሆነው ይፈርሙ» አላት። አባቷ ሊሞቱ እያጣጣሩ ነበር። በዚያ ሰዓት እንዴት ታስጨንቃቸው? የአባቷን ስም ራሷ ጻፈች። ባሏን ይዛ ጣሊያን አገር ሄደች፤ ዳነ።

ዕዳውን ከልብስ መግዣዋ እየቆጠበች ከፈለች። ሌሊት ቤት ዘግታ ለሰው ጽሑፍ እየገለበጠችም ከፈለች። ባሏ ይህን አያውቅም። «ወፌ» እያለ ያሞላቅቃታል። ጣፋጭ እንዳትበላ ግን ይከለክላታል፤ እሷም ደብቃ ትበላለች። እዚህ ላይ እኛም ሳቅን።

ጉዱን ያወጣው ቀኑ ነው። አባቷ የሞቱት ሴፕቴምበር 29 ነው። በፊርማው ላይ የተጻፈው ግን ኦክቶበር 2 ይላል። ሰው ከሞተ ከሦስት ቀን በኋላ ይፈርማል እንዴ? ክሮግስታድ ይህን አንብቦ ያዘው። ኋላ ሄልመር የባንክ ኃላፊ ሆኖ ከሥራ ሊያስወጣው ሲል፣ ነገሩን ሁሉ በደብዳቤ ጻፈለት።

ሄልመር ደብዳቤውን አንብቦ ሚስቱን ሰደባት። ልጆች ማሳደግ አይገባሽም አላት። ለእሱ ሲባል የተደረገ መሆኑን አላሰበም። ጥቂት ቆይቶ ክሮግስታድ የብድሩን ወረቀት መለሰ። ሄልመር «ዳንኩ!» አለ። ይቅር ብዬሻለሁም አላት። ልብ በሉ፣ ይቅርታው የመጣው ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

ኖራ ባሏን አስቀምጣ አነጋገረችው። ከተጋቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ቁም ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ከአባቷ እጅ ወደ ባሏ እጅ እንደ አሻንጉሊት መተላለፏን ነገረችው። ቀለበቷን መለሰች። በሌሊት በሩን ዘግታ ወጣች። ልጆቿንም ትታ ሄደች።

በዚህ ላይ እኛም አልተስማማንም። አንዳንዶቻችን «እናት እንዴት ልጆቿን ትተዋለች?» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ራሷን ሳታውቅ ምን ልታስተምራቸው?» አልን።

በጀርመን አገር አንዲት ተዋናይ «እኔ ልጆቼን ትቼ አልሄድም» ብላ አስቸገረች። ሌላ ሰው እንዳያበላሽበት ኢብሰን ራሱ ሁለተኛ መጨረሻ ጻፈ። በዚያኛው ሄልመር ኖራን ወደ ተኙት ልጆች በር ይወስዳታል። እሷም መሄድ አቅቷት እዚያው ትወድቃለች። በ1880 እንዲህ ሆኖ ታየ። ኢብሰን ግን ይህን መጨረሻ አልወደደውም።