ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ነው፤ ከሰሙ ሥር ወርቁን የሚፈልግ ሰው አይጠፋበትም። ታዲያ ደም ግፊት ላይ ስንደርስ ለምን በሰሙ እንረካለን? አጎቴ ኪኒናቸውን ትተው ነጭ ሽንኩርት ይውጣሉ። «ራሴን አላመመኝም፣ ግፊቴ ወርዷል» ይሉኛል። ራስ ምን ያውቃል? ግፊት ሳያም ዓመታት ቆይቶ አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። የሚያውቀው መለኪያው ነው፤ ተደጋግሞ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ካለ አለቀ፣ ግፊት ነው።

ጎረቤት ደግሞ «ለእኔ የተስማማኝን ላካፍልህ» ይላል። ደግነት ነው፤ ግን ኪኒን እንደ ቡና አይጣጡትም። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይስ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚለው በዕድሜ፣ በኩላሊትና በስኳር ሁኔታ ይወሰናል። ኢናላፕሪል ለነፍሰ ጡር ጎጂ ነው።

ጸበልንም ሰበብ አናድርግ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ግፊት ምን የተለየ ነገር አለው?

ሐኪሞችም አያመልጡም። ወረቀት ጽፎ ማሰናበት ሕክምና አይደለም። «ደህና ብትሆንም አታቋርጥ፣ ጨውም ቀንስ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይህን የነገራቸው ስለሌለ አጎቴ ኪኒኑ ሲያልቅ ሕመሙም ያለቀ መሰላቸው። ሽንኩርቱ ለወጡ ይሁን፤ እሳቸውን ግን ነገ ጤና ጣቢያ እወስዳቸዋለሁ። የእናንተስ አጎት?