ክረምት፣ ጭቃ እና ብስክሌት፦ አደጋው አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው

የክረምቱ ዝናብ ሲከብድ የከተማው አስፋልት ታጥቦ ይጠራል፤ ከአስፋልቱ ጫፍ ወዲያ ያለው መንገድ ግን ጭቃ ይሆናል። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ወተት የሚያመላልሰው ወጣት፣ ከከተማው ዳርቻ ወደ ሥራ የሚወጣው የቀን ሠራተኛ፣ የክረምት ትምህርት የሚከታተለው ተማሪ እንዲሁም ከብቶቹን ወደ ግጦሽ የሚነዳው አርሶ አደር በዚሁ ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ከብስክሌተኞቹ ብዙዎቹ የሚነዱት ጎማው ሰፊና ጥርሳም የሆነውን፣ በተለምዶ ማውንቴን ሳይክል የሚባለውን ነው። "ለተራራ የተሠራ ነው" መባሉ ለነጂው ልበ ሙሉነት ይሰጠዋል። ይህ ልበ ሙሉነት የቆመበት መሠረት ምን ያህል ጽኑ ነው የሚለው ግን በየክረምቱ መነሳት ያለበት ጥያቄ ነው።

ባሕር ዳር ለብስክሌት ከተመቹ የሀገሪቱ ከተሞች አንዷ ናት። ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተንጣለለችው ከተማ ሜዳማ በመሆኗ ነዋሪዎቿ ብስክሌትን ለሥራም ለመዝናኛም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች የተለየ መስመር ይዞ ነው የተገነባው። በሀገር አቀፍ ደረጃም እ.አ.አ ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጥቷል፤ በኮሪደር ልማት በተሠሩ የከተማ መንገዶች ላይም የብስክሌት መስመር እየተካተተ ነው።

እነዚህ ሁሉ በጎ እርምጃዎች ናቸው። የሚያመሳስላቸው ነገር ግን በአስፋልትና በከተማ መሐል ላይ ማተኮራቸው ነው። ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ቀበሌው የሚያመራውን ብስክሌተኛ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ የሚጠብቀው ቀለም የተቀባ መስመር አይደለም። የሚጠብቀው በጋሪ ጎማ የታረሰ፣ በከብት ኮቴ የተቦካ፣ ጥልቀቱ የማይታወቅ ውኃ ያቆረ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የነጂውን ደኅንነት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የብስክሌቱ ይዞታ፣ የነጂው ልማድና የአፈሩ ጠባይ።

ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ ዓለም አቀፍ መረጃዎች ያሳያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓመት 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰዎች በመንገድ ትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ያጣሉ። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው፤ ከአሥሩ ሞት ዘጠኙ የሚደርሰውም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። በጭቃ አንሸራትቶት ወድቆ ክንዱን የተሰበረ ወጣት በብዙ ቦታ በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ጉዳቱ ግን በዘርና በአረም ወቅት አንድ የሥራ እጅ ያጣው ቤተሰብ ላይ ይታያል።

የማውንቴን ሳይክል ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከፍሬን ችግር ነው። እ.አ.አ በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ የነበሩ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠገኑ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ቁልቁል ይነዱ ነበር። በ1976 በዚያው አካባቢ የጀመሩት ውድድር "ሪፓክ" የሚል ስም ወጣለት። ስሙ የመጣው ቁልቁለቱ የኋላ ፍሬኑን እያጋለ በውስጡ ያለውን ግራሶ ስለሚያቃጥለው፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ፍሬኑን ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ግድ ስለነበር ነው። ከዚያ ጅማሬ የተነሳው ስፖርት በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ነጂዎች የተማሩት ነገር ግን ዛሬም አልተለወጠም፤ ቁልቁለት ከመጀመር በፊት መታየት ያለበት ፍሬኑ ነው።

በገበያ ላይ ያሉ ብስክሌቶች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ፍሬን አላቸው። አንደኛው በጎማ ቁራጭ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ የሚያቆመው ነው። ይህ ፍሬን ቸርኬው ሲረጥብ ቶሎ አይዝም፤ ቸርኬው የተወሰነ ዙር ዞሮ ውኃው እስኪጠረግ ድረስ ብስክሌቱ ይንሸራተታል። ጭቃና አሸዋ ሲቀላቀልበት ደግሞ የፍሬኑን ጎማም ቸርኬውንም እንደ ሞረድ ይበላል። ሁለተኛው ዲስክ ፍሬን ነው፤ ዲስኩ ከመሬት ራቅ ብሎ በቸርኬው መሐል ስለሚቀመጥ ጭቃና ውኃ ብዙም አይደርስበትም። ዘይት ወይም ግራሶ ከነካው ግን አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ሰንሰለት ሲቀባ ዲስኩና ቸርኬው ላይ እንዳይንጠባጠብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በየትኛውም ዓይነት ፍሬን ላይ የማይቀየር ሌላ እውነት አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ያድጋል፤ እርጥብ መሬት ይህንን ርቀት ይበልጥ ያስረዝመዋል።

አንድ ብስክሌት የብዙ ሰው መሆኑ ደግሞ ሌላው የአደጋ ምንጭ ነው። በከተሞች ብስክሌት በሰዓት ይከራያል፤ በቤተሰብ ውስጥ አባት ጠዋት ሥራ ይሄድበታል፣ ልጅ ከሰዓት ይላክበታል፣ ጎረቤትም ይዋሰዋል። መተጋገዙ የሚመሰገን ባህል ነው። ነገር ግን ለረጅም ሰው የተስተካከለ ኮርቻ ለአጭር ሰው አደጋ ነው፤ እግሩ መሬት የማይደርስ ልጅ ጭቃ ውስጥ ሚዛኑን ሲስት የሚደገፍበት የለውም። ኮርቻን ለማስተካከል የሚረዳው መለኪያ ቀላል ነው። ነጂው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዙን ፔዳሉ ላይ ቢያሳርፍ እግሩ ቀጥ ማለት አለበት። ለጭቃና ለቁልቁለት ደግሞ ኮርቻውን ከዚያ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይመረጣል። ኮርቻውን የተሸከመው ቱቦ ላይ "ከዚህ በላይ እንዳይወጣ" የሚል የመጨረሻ ምልክት አለ፤ ምልክቱ ከታየ ቱቦው ከልክ በላይ ወጥቷል፤ ሊሰበርም ይችላል።

በተውሶና በኪራይ ብስክሌት ላይ ብዙም የማይታሰብበት ሌላ ነገር የፍሬኖቹ አቀማመጥ ነው። በአንዳንድ ሀገሮች የተዘጋጁ ብስክሌቶች የፊት ፍሬናቸው በግራ እጅ ነው፤ በሌሎች ሀገሮች ደግሞ በቀኝ። ያገለገሉ ብስክሌቶች ከተለያየ ቦታ ስለሚመጡ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ እንኳ ሁለቱም ዓይነት ሊገኝ ይችላል። የኋላውን የያዘ መስሎት የፊቱን በኃይል የጨበጠ ነጂ በእርጥብ መሬት ላይ የፊት ጎማው ተቆልፎ ይወድቃል። ብስክሌት ከመዋስ በፊት ቆሞ አንዱን ፍሬን መጨበጥና ብስክሌቱን ገፋ አድርጎ የትኛው ጎማ እንደቆመ ማየት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም። በዚያው አጋጣሚ ጎማዎቹን የሚይዙት ቡሎኖች ወይም ማጥበቂያዎች መጥበቃቸውን፣ መሪው ወዲያና ወዲህ አለመላወሱን፣ የፍሬን ሽቦው አለመበጣጠሱን ማየት ይቻላል።

ስለ አፈሩ ጠባይ ከማንም በላይ የሚያውቀው አርሶ አደሩ ነው። በኢትዮጵያ 12 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሆነው መሬት በጥቁር የሸክላ አፈር የተሸፈነ ነው። በብዙ አካባቢ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውኃ ይዞ ያብጣል፤ የያዘውንም በቀላሉ አይለቅም። ዋልካ ላይ የገባ የብስክሌት ጎማ ጥቂት ሜትር ሳይሄድ ጭቃው በጎማውና በፍሬኑ መካከል ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ቸርኬው መዞር ያቆማል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ በጉልበት መታገል ሰንሰለቱን ይበጥሳል፣ ማርሹን ያጣምማል። ወርዶ በሣሩ ጠርዝ መግፋት ወይም ብስክሌቱን መሸከም ያዋጣል። አሸዋማና ጠጠራማ መሬት ግን ውኃውን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ከዝናብ በኋላም ሊነዳበት ይችላል።

የጎማው ነፋስም ከመሬቱ ጋር መስማማት አለበት። በደንብ የተነፋ ጎማ በአስፋልት ላይ ቢፈጥንም በጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ ጥቂት የቀነሰ ጎማ መሬቱን በስፋት ስለሚረግጥ የተሻለ ይይዛል። ከልክ በላይ ከቀነሰ ግን ድንጋይ ሲመታው የውስጡ ጎማ በቸርኬው ተቆንጥጦ ይቀደዳል። የሚፈቀደው ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን በጎማው ጎን ላይ በፒኤስአይ ተጽፎ ይገኛል። ለጭቃ የሚመከረው በዚያ ወሰን ውስጥ ሆኖ ወደ ዝቅተኛው መጠጋት ነው፤ ዕቃ የጫነ ደግሞ ከፍ ማድረግ ይኖርበታል።

ከልማዶች መካከል በክረምት የሚበረታ አንድ አደገኛ ልማድ አለ፤ በአንድ እጅ ጃንጥላ ይዞ መንዳት። አንድ እጁ የተያዘበት ነጂ ያለው አንድ ፍሬን ብቻ ነው፤ ንፋስ ጃንጥላውን ሲገለብጠው ደግሞ መሪውንም ያጣል። የጋቢና የነጠላ ጫፍ በሰንሰለትና በቸርኬ መጠምጠም፣ በመሪው ላይ ጀሪካን ማንጠልጠል፣ ከፊት ሰው አፈናጥጦ ቁልቁለት መውረድም ከዚሁ የሚደመሩ ናቸው። ሰውነትን የሚጠጋ የዝናብ ልብስ መልበስ፣ ዕቃን ከኋላ በሁለት ጎን አመጣጥኖ ማሰር፣ ደመና በከበደበት ሰዓት ከፊት ነጭ ከኋላ ቀይ መብራት ማብራት አደጋውን ይቀንሳል። የራስ ቁር በብዙ ከተሞች የስፖርተኛ ዕቃ ብቻ ተደርጎ ቢታይም ጭንቅላት ስፖርተኛንና ወተት አመላላሽን አይለይም። አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ የራስ ቁር ከውጭ ደህና ቢመስልም በውስጡ ሊሰነጠቅ ስለሚችል መቀየር አለበት።

ጉዳዩ የነጂው ብቻም አይደለም። በርካታ ሀገሮች ውስጥ በተራራ መንገድ የሚነዱ ብስክሌተኞች የሚከተሉት አንድ ያልተወሳሰበ ደንብ አለ፤ ጎማው ጥልቅ መስመር ጥሎ የሚያልፍ ከሆነ መሬቱ ለመነዳት አልደረሰምና ተመለስ የሚል ነው። ምክንያቱን ለአርሶ አደር ማስረዳት አያሻም። ቁልቁል የወረደ የጎማ መስመር የዝናብ ውኃ ይሰበሰብበታል፤ ቀጭኗ መስመር ቦይ ትሆናለች፣ ቦዩም ውሎ አድሮ ቦረቦር ይሆናል። ኅብረተሰቡ በየዓመቱ በጉልበቱ የሚሠራውን እርከን በጎማ ጥሶ ማለፍ፣ ጭቃ ለመሸሽ ሲባል የእርሻን ጠርዝ ረግጦ መንገዱን ማስፋት የሌላውን ማሳ መብላት ነው። ከአህያ፣ ከበሬና ከፈረስ ጋር ሲገናኙም ቀስ ማለትና ድምፅ አሰምቶ ማለፍ ይገባል፤ ከኋላ ድንገት የመጣ ብስክሌት የሚያስደነግጠው እንስሳ ባለቤቱንም ነጂውንም ሊጎዳ ይችላል። የተሸከመ ሰውና የተጫነ እንስሳ ቅድሚያ ያገኛሉ።

ከጭቃ የተመለሰ ብስክሌት እንዳለ መቆም የለበትም። ጭቃው ሳይደርቅ በዝግታ በሚፈስ ውኃ ማጠብ፣ በጨርቅ ማድረቅ፣ ሰንሰለቱን ጥቂት ዘይት ቀብቶ ትርፉን መጥረግ ዕድሜውን ያረዝማል። በመኪና ማጠቢያ ከፍተኛ ግፊት ውኃ መርጨት ግን በመሐል ያሉትን ኩሽኔታዎች ግራሶ አጥቦ ስለሚያወጣው የተገላቢጦሽ ጉዳት ያመጣል።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው መፍትሔው በአብዛኛው ብር የሚጠይቅ አለመሆኑ ነው። ብስክሌት የሚያከራዩ ሰዎች ከማከራየታቸው በፊት ፍሬኑንና ኮርቻውን ቢያዩ፣ ጠጋኞችና ጎሚስታዎች ለጥገና የመጣን ብስክሌት ሁለቱን ፍሬኖች ሳይፈትሹ ባይሰጡ፣ ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማዕከላት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ለግማሽ ቀን ቢያስተምሩ ብዙ ጉዳት ይቀራል። ብር የሚጠይቀው ክፍል የመንግሥት ድርሻ ነው። የብስክሌት መስመር ከከተማው መሐል ተነስቶ አስፋልቱ ባለቀበት ቦታ ድንገት ከሚቋረጥ፣ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚወስዱት መንገዶች ጠርዝ ላይ ጠጠር የለበሰና ውኃ መውረጃ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ቢቀጥል ብስክሌተኛውም፣ እግረኛውም፣ ጭነት የያዘችው አህያም ይጠቀማሉ።

አፍሪካ በመስከረም 2018 ዓ.ም በሩዋንዳ ኪጋሊ የዓለም የጎዳና ላይ ብስክሌት ሻምፒዮናን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተናግዳለች። እ.አ.አ በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌት በአህጉሩ ክብር እያገኘ መሆኑ ያኮራል። ክብሩ ምሉዕ የሚሆነው ግን በጭቃ ውስጥ ወተት ይዞ የሚሄደው ወጣትም በሰላም ወጥቶ በሰላም ሲገባ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ፍሬን የሚፈተሸው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መንገድም የሚታሰበው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት።