«ደም ማነስ» የሚለው ስም አይበቃም

በሰቆጣ ዳገት ትንፋሽ ያጠረውንና ፊቱ የገረጣውን ሁሉ «ደም አንሶት ነው» እንላለን፤ ቀይ ሥር እንመክራለን። በዚህ ሰፊ ስም ጥላ ግን የሚሸሸግ ሕመም አለ፦ ፐርኒሺየስ አኒሚያ። የታማሚው ጨጓራ ቫይታሚን ቢ12 ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚረዳውን ፕሮቲን ያጣል፤ ስለዚህ ጾመኛውን ብቻ ሳይሆን ሥጋ የማይለየውንም ይይዛል። ምላስ ይላጣል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ እግር ይደነዝዛል፣ እርምጃ ይንገዳገዳል፣ ማስታወስ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1926 ማይኖትና መርፊ ጉበት በመመገብ እንደሚታከም እስኪያሳዩ ድረስ ገዳይ ነበር። ዛሬ መርፌ አለው፤ ሕክምናው ከዘገየ ግን የተጎዳ ነርቭ ላይመለስ ይችላል። እንግዲህ ቃል የምንወድ ወገኖች፣ «ደምህ አንሷል» ብለን ከመደምደማችን በፊት «ምላስህስ? እግርህስ?» እንበል፤ ወደ ሐኪምም እንሸኘው። በስም የተሳሳተ ሕመም በመድኃኒትም ይሳሳታልና።