ኢንሱሊኑን ሻንጣው ውስጥ የደበቀው ወንድም



ረመዷን በተቃረበ ቁጥር «ጾም የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው» የሚል ንግግር ይነሳል። በመስጂድ ደጃፍም፣ በካፌ ሰልፍም ይሰማል። የሚናገሩት ክፋት የለባቸውም። ነገር ግን ንግግሩ ሰው ሊገድል ይችላል፤ ያ ሰው ደግሞ ምናልባት ከእናንተ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ነው።

ቆሽት (ያው ስንናደድ «አረረ» የምንለው) ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ እጢ ነው። በውስጡ እ.ኤ.አ. በ1869 ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ ጀርመናዊ የሕክምና ተማሪ በማይክሮስኮፕ ያያቸው የሕዋሳት ደሴቶች አሉ። ከእነሱ ሥራቸው ተቃራኒ የሆነ ሁለት ሆርሞኖች ይመነጫሉ። ኢፍጣር ላይ ተምርና ሳምቡሳ ስንበላ ኢንሱሊን ይወጣና ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ያስገባል፤ ጉበትም እንዲያከማች ያደርጋል። ከሱሑር በኋላ ሰዓታት ሲያልፉ ኢንሱሊን ይቀንሳል፣ ግሉካጎን ይጨምራል፤ ጉበትም ያስቀመጠውን መልቀቅ ይጀምራል። ጤነኛ ሰው ዐስር ሰላት ላይ ይርበዋል እንጂ ራሱን የማይስተው በዚህ ነው። ሱብሓነላህ! ይሁንና በጾም ሰዓትም ቢሆን ኢንሱሊን ጨርሶ አይጠፋም። ስብ ያለ ልክ እየተቃጠለ ደማችን አሲድ እንዳይሆን የሚይዘው ያው የቀረው ጥቂት ኢንሱሊን ነው።

ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበት ተማሪ ኢንሱሊን የሚሠሩት ሕዋሳቱ በራሱ የበሽታ መከላከያ ተደምስሰዋል። የሚኖረው በመርፌ ነው። ጤነኛ ቆሽት እንደ ሁኔታው ይጨምራል፣ ይቀንሳል፤ መርፌ ግን አንዴ ከተወጋ አይመለስም፣ ባለቤቱ መጾሙንም አያውቅም። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስኳር ሲወርድ ሊደርስ የሚገባው ግሉካጎንም ይለግማል። የሚቀረው ከኩላሊት በላይ ካሉት እጢዎች የሚወጣው አድሬናሊን ነው፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት። እኛ «ርቦት ነው፣ መግሪብ ደርሷል» እንላለን። ቀጥሎ የሚመጣው መዘባረቅና ራስን መሳት ነው።

«አልበላም፣ ስለዚህ አልወጋም» የሚለው ስሌት ደግሞ ከዚህ አይሻልም። ኢንሱሊን በሌለበት ስኳሩ ይወጣል፣ ደሙ አሲድ ይሆናል፤ ይህ ሆስፒታል የሚያስተኛ፣ የሚገድልም ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኢንሱሊን እስከ ተወጋበት ቀን ድረስ የዚህ በሽታ መጨረሻ ሞት ብቻ ነበር።

ግምት አይደለም። በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕሙማን ሙስሊሞችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ዓይነት 1 ካለባቸው መካከል 43 በመቶው ቢያንስ 15 ቀን መጾማቸውን አሳይቷል። በዚያው ወር ከባድ የስኳር መውረድ በእነሱ ላይ ከወትሮው አምስት እጥፍ ገደማ ጨምሯል።

እንግዲህ ማን ነው ያስገደዳቸው? ሸሪዓው አይደለም። ሱረቱል በቀራህ 184ኛና 185ኛ አንቀጽ ላይ ለታመመ ሰው የተሰጠው ሩኽሷ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የዓለም አቀፍ ኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ለምርመራ ደም መስጠትም ሆነ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል። ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ለመለካት መግሪብን የሚጠብቅ ካለ በከንቱ ራሱን ያስጨንቃል። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ማፍጠር አለበት፤ አዛኑ አሥር ደቂቃ ቢቀረውም።

እኔ እንደሚመስለኝ ያስገደዳቸው የእኛ ዓይን ነው። ስድስት ሰው በሚጾምበት ዶርም ውስጥ ዳቦ አውጥቶ መብላት ቀላል አይደለም። «ጾመኛ ነህ?» የሚለው ጥያቄ፣ «አላህ ላይ ተወከል» የሚለው ምክር፣ ቀን ካፌ የገባችን እህት ማፍጠጥ፣ ሁሉም ተደምሮ ኢንሱሊን ሻንጣ ውስጥ እንዲደበቅ ያደርጋል። በአንድ ቃል «አትጹም» ብለው የሚያሰናብቱ ሐኪሞችም ድርሻ አላቸው፤ ተማሪው «እሺ» ይልና ተደብቆ ይጾማል። ዓይነት 2 ያለባቸው፣ አልፎ አልፎም ዓይነት 1 ያለባቸው፣ መጠኑ ተስተካክሎላቸውና በቅርብ እየተለኩ የሚጾሙ አሉ። ይህ ግን ከረመዷን ሳምንታት ቀድሞ ከሐኪም ጋር የሚወሰን እንጂ በዶርም ሹራ የሚወሰን አይደለም።

በየዶርሙ ጥቂት ስኳር ይቀመጥ። ላብ የሚያሰምጠውና የሚንቀጠቀጥ ወንድም ካያችሁ በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ ወደ ክሊኒክ አሩጡት። ጀመዓው የኢፍጣር ጁስ የሚያቀዘቅዝበት ፍሪጅ ካለውም አንድ መደርደሪያ ለኢንሱሊን ይተውልን፤ ማን አስቀመጠው ብሎ የሚጠይቅ ሳይኖር።