የሽንኩርት ቀለም ጥቅሙና ልኩ



ቀይ ሽንኩርት ሲላጥ የሚታየው ሐምራዊ ቀለም ለዐይን ጌጥ ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይህ ቀለም ግን ዘመዶች አሉት፤ በሎሚ፥ በጎመን፥ በጤፍ፥ በሻይ ቅጠልም ይገኛሉ። ሁሉም በአንድነት ፍላቮኖይድ ይባላሉ። ስሙ የመጣው «ፍላቩስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ብጫ ማለት ነው። ተክሉ እነዚህን የሚያዘጋጀው ራሱን ከፀሐይ ብርቱ ጨረርና ከተባይ ለመጠበቅ ነው።

የሀንጋሪው ሊቅ አልበርት ሴንት ጂዮርጂና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ከሎሚና ከበርበሬ ያገኙትን ፍላቮኖይድ «ቫይታሚን ፒ» ብለው ሰይመውት ነበር። ኋላ ግን ለሕይወት የግድ አስፈላጊ መሆኑ ስላልተረጋገጠ ከቫይታሚኖች ተራ ወጣ።

አንዳንዶች ፍላቮኖይድ እንደ ሳሙና ሴሎቻችንን ያጥባል ይላሉ። በብርጭቆ ውስጥ የተደረገ ፈተና ይህን ያስመስላል፤ በሰውነት ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከተበላው ብዙው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ በዚያም የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ሰባብረው ይለውጡታል። ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ሥራውም ከሳሙና ይልቅ የመልእክተኛን ይመስላል። ለምሳሌ የካካዎ ፍላቮኖይድ በደም ሥር ውስጠኛ ገበር ላይ ያሉትን ሴሎች አነሣሥቶ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ እንዲያመነጩ ያደርጋል፤ በዚህም የደም ሥሩ ይላላል።

ታዲያ በእንክብል ብንውጠውስ? በአሜሪካ ከ21,000 በላይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ውጤት በ2022 ታትሟል። የካካዎ ፍላቮኖይድ በእንክብል የወሰዱት፥ ባዶ እንክብል ከወሰዱት ይልቅ የልብና የደም ሥር ሕመማቸው በጠቅላላው ጉልህ ሆኖ አልቀነሰም፤ በዚህ ሕመም የሞቱት ግን አንሰው ተገኝተዋል። ስለዚህ ተስፋው አልተቋረጠም፤ ማስረጃውም አልተሟላም።

ለጾም ማዕድ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ሽሮ፥ ምስርና ጎመን የሚሰጡን የብረት ማዕድን በቀላሉ ከሰውነት ጋር አይዋሐድም። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው የተጠጣ ሻይ፥ በውስጡ ያለው ፍላቮኖይድ ብረቱን ስለሚይዘው፥ ለደማችን የሚደርሰውን ይቀንሰዋል። ቡናም እንዲሁ ያደርጋል። በተለይ ደም ያነሳቸው እናቶችና ልጃገረዶች ሻዩንና ቡናውን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢያቆዩት ይበጃል። ሎሚ በሰላጣው ላይ ቢጨመቅ ግን በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያግዛል።

በወጥ ቤትም ሽንኩርት ሲላጥ የላይኛው ሥጋ በከንቱ አይጣል፤ ፍላቮኖይድ የሚበዛው በእርሱ ነውና። የጎመኑም ቅቅል ውኃ ባይደፋ መልካም ነው።

እንግዲህ ማዕዳችን ልዩ ልዩ ቀለም ይኑረው፤ ነገር ግን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በሽንኩርትና በሎሚ የሚተካ አይኑር። ምግብ ጤናን ያግዛል፤ የመድኃኒትን ሥራ ግን ለመድኃኒት እንተውለት።